ኋላው ቁጭ ያለ ፒክአፕ፦ ካራቫን ለመጎተት አዳማ ላይ የተሠራ ሥራ

ተሳቢ ሲታሰርበት ኋላው ቁጭ የሚል ፒክአፕ አዳማ ላይ ብርቅ አይደለም። ጄኔሬተር የሚጎትተውም፣ የብየዳ ማሽን የሚጎትተውም አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሮ ሲያልፍ እናያለን። መፍትሔውም የታወቀ ነው። ባሌስትራ (የመኪናውን ኋላ የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ምላሶች) ጨምርበት ይባላል። ይጨመራል፣ ኋላው ይነሳል፣ አለቀ ይባላል። እኔ ግን ሥራው እዚያ ላይ ያልቃል ብዬ አላምንም። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ጀምሬ እየለካሁ የጻፍኩት።

መኪናው ደብል ጋቢና ሂሉክስ ነው፣ ናፍጣ። የሚጎትተው ደግሞ ከመንገድ ሥራ ካምፕ በጨረታ የተገዛ ባለ አንድ አክስል ካራቫን ነው። ሁለት አልጋ፣ ትንሽ ማዕድ ቤትና 100 ሊትር የውሃ ታንክ አለው። እኔና የባለቤቴ ወንድም ነን የገዛነው። ቤተሰብ ይዘን ወደ ላንጋኖ፣ ወደ ሀዋሳ፣ ወደ አርሲ ደጋ ልንወጣበት ነው ሐሳባችን። ልጆች የሚቀመጡበት መኪና ነውና የምንችለውን ያህል አጣርተን ልንሠራው ተስማማን።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሜትር ይዘን ጀመርን። ከመሬት አልለካንም። ከመሬት ከተለካ የጎማው ንፋስና የግቢው ጎርበጥባጣ ቁጥሩን ያዛባዋል። ከቸርኬው መሃል ቀጥ ብለን እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነው የለካነው። ባዶውን ሳለ ፊቱ 500 ሚሊ ሜትር፣ ኋላው በአማካይ 545 ሆነ። ዕቃ ተጭኖ፣ ሁለት ሰው ገብቶ፣ ተሳቢው ሲታሰር ፊቱ 514፣ ኋላው 470 ሆነ።

ኋላው በ75 ሚሊ ሜትር ወርዷል። ይሄን መንገደኛም ያየዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ፊቱ በ14 ሚሊ ሜትር መነሳቱን ነው። እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። መሪ የሚታዘዘው የፊት ጎማ መሬቱን ሲጫን ነው። ፍሬን ሲያዝም ትልቁን ሸክም የሚወስደው የፊት ጎማ ነው። ፊቱ ከቀለለ መሪው እጅ ላይ ባዶ ባዶ ይላል። ዝናብ ላይ ደግሞ መኪናው አልታጠፍም ብሎ ወደፊት ይንሸራተታል። መብራቱም ወደ ላይ ይተኩሳል። ማታ ከፊት የሚመጣውን የከባድ መኪና ሹፌር ዓይን ያጠፋል።

ሌላም ነገር ተገኘ። ባዶውን እያለ የኋላው ቀኝ ከግራው በ12 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። ይሄ ከጭነት የመጣ አይደለም። ባሌስትራው ራሱ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ለጊዜው መዝግበን አለፍነው።

የዚያው ቀን ከሰዓት፣ ኳሱ ላይ ስንት ኪሎ አለ?

ተሳቢው መጎተቻ ኳሱ ላይ፣ ማለትም ከመኪናው ኋላ ተሳቢው የሚታሰርበት የብረት ኳስ ላይ፣ የሚጥለውን ክብደት ሳያውቁ ባሌስትራ መግዛት ሳይለኩ ልብስ ማሰፋት ነው። መለኪያው ግን ከባድ አይደለም። ቤት ያለችው የሰው ሚዛን እስከ 150 ኪሎ ነው የምታነበው። በቀጥታ ብንጭንባት ልትሰበር ትችላለች። ስለዚህ ወፍራም ጣውላ አመጣን። አንዱን ጫፍ ብሎኬት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሚዛኗ ላይ አሳረፍን። በሁለቱ መካከል 150 ሳንቲ ሜትር ነው። የተሳቢውን መጎተቻ ጫፍ ከብሎኬቱ 50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ጣውላው ላይ አስቀመጥነው። በዚህ አቀማመጥ ሚዛኗ የምትሸከመው ሲሶውን ብቻ ነው። ጣውላው ብቻውን የሚያሳየውን ቀንሰን 63 ኪሎ አነበብን። በ3 ሲባዛ 189። 190 ብለን ያዝነው።

ይህን የሚሞክር ሰው ሁለት ነገር እንዳይረሳ። የተሳቢው ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግባቸው። ተሳቢው ደግሞ አግድም ይቁም። አፍንጫው ወደ ታች ካዘመመ ቁጥሩ የተለየ ይሆናል።

ሰኞ፣ ሚዛን ላይ

ወደ ሞጆ መውጫ በኩል አንድ የእህል መጋዘን የመኪና ሚዛን አለው። ሠራተኞቹን አስፈቅደን፣ ሒሳቡን ከፍለን ገባን። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ብቻ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ቀጥሎ የኋላዎቹ ብቻ። በመጨረሻ የተሳቢው። ሚዛኑ በ20 ኪሎ እየዘለለ ስለሚያነብ ትንንሽ ልዩነት አይታይበትም። ለእኛ ግን በቂ ነው።

ያለ ተሳቢ፣ ዕቃው ተጭኖ ሁለታችን ተቀምጠን፣ ፊት 1,120 ኪሎ፣ ኋላ 1,140። ተሳቢው ሲታሰር ፊት 1,040፣ ኋላ 1,400። የተሳቢው ጎማዎች 1,100።

ኳሱ ላይ ያረፈው 190 ኪሎ ነው። ኋላው ግን የጨመረው 260 ነው። ትርፉ ከየት መጣ? ከፊት ተነስቶ ነው የመጣው። ኳሱ ከኋላ አክስሉ ጀርባ 1,250 ሚሊ ሜትር ርቆ ይገኛል። የሂሉክሱ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት ደግሞ 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። 190ን በ1,250 አባዝተን ለ3,085 ስናካፍል 77 ኪሎ ይመጣል። ይህን ያህል ክብደት ከፊት ጎማ ላይ ተነስቶ ኋላ ላይ ተቆልሏል። የሚዛኑ ቁጥርና ወረቀት ላይ ያሰላነው መገጣጠማቸው ደስ አሰኝቶኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ባሌስትራ ብንጨምር ኋላው ይነሳል። ከፊት የሄደው 77 ኪሎ ግን ወደ ቦታው አይመለስም። ባሌስትራ ከፍታ ነው የሚለውጠው። ክብደቱን የሚለውጠው ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። መጀመሪያ ዕቃ፣ ቀጥሎ ባሌስትራ።

በተጨማሪም በሹፌሩ በር በኩል ያለውን የመኪናውን የክብደት ሰሌዳ፣ የመጎተቻውን ሰሌዳና የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ አየን። ከተፈቀደው በታች ነን። ይህን የማነሳው አንዳንድ ሰው ባሌስትራ ሲጨምር የመኪናው አቅም አብሮ የሚጨምር ስለሚመስለው ነው። አይጨምርም። አክስሉም፣ የጎማው ኩሽኔታም፣ ፍሬኑም፣ ሻንሲውም (መኪናው የተሠራበት የብረት አጽም) ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ማክሰኞ ማታ፣ ዕቃ ማዘዋወር

የካራቫኑ አሠራር ራሱ ክብደቱን ወደ ፊት የሚጥል ነው። የውሃ ታንኩ ከፊተኛው አልጋ ሥር ነው፣ ከተሳቢው አክስል 1.6 ሜትር ፊት። 30 ኪሎ የሚመዝነው ባትሪ ደግሞ ጭራሽ መጎተቻው ዘንግ ላይ በሳጥን ታስሯል፣ ከአክስሉ 2.6 ሜትር ፊት። ከአክስሉ እስከ ኳሱ 3.4 ሜትር ነው።

ውሃ ሊትሩ አንድ ኪሎ ነው። ሙሉ ታንክ 100 ኪሎ ማለት ነው። 100 ሲባዛ በ1.6፣ ሲካፈል ለ3.4፣ 47 ኪሎ ይሆናል። ታንኩ ባዶ ሆኖ ከተጓዝን ኳሱ ላይ 47 ኪሎ ቀነስን ማለት ነው። የምንሄድባቸው ቦታዎች ውሃ አላቸው። ለመንገድ ጀሪካን ይበቃል። ባትሪውን ደግሞ ቤቱ ውስጥ ከአክስሉ በላይ አዛወርነው። የታሸገ ዓይነት ስለሆነ በደህናው ጊዜ ጋዝ እምብዛም አይለቅም። ሆኖም ሳጥን ሠርተን፣ ወደ ውጭ መተንፈሻ ቀዳዳ አውጥተን፣ በብረት ቀበቶ አሰርነው። እዚህ ላይ 23 ኪሎ ቀነሰ።

ከዚያ ወደ ፒክአፑ ካሶኒ ዞርን። ጄኔሬተሩ ለማውረድ ይመቻል ተብሎ ጠርዙ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ወደ ጋቢናው አስጠግተን አሰርነው። 40 ኪሎ የሚሆነው የመፍቻ ሳጥን ወደ ተሳቢው ገብቶ ልክ አክስሉ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

እንደገና በጣውላው ለካን። 40 ኪሎ፣ በ3 ሲባዛ 120። የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት አሁን 1,230 ገደማ ነው። ኳሱ ላይ ያለው ወደ 10 በመቶ ወርዷል። ቀድሞ 15 በመቶ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ቁመቱን ስንለካ ኋላው ከ470 ወደ 494 ተነሳ፣ ፊቱ ከ514 ወደ 507 ወረደ። ገና አንድ ብር የባሌስትራ አልከፈልንም።

ረቡዕ፣ አንድ ምክር ሲመጣ

ጎረቤቴ ሥራችንን ሲከታተል ቆይቶ፣ «ወንድሜ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን ጄኔሬተሩን ካራቫኑ የኋላ ጫፍ ላይ አትጭኑትም? አፍንጫው ይቀላል፣ መኪናው ጭራሽ አይወርድም» አለኝ። ቅን ምክር ነው። ሒሳቡም ትክክል ነው። ኳሱ ላይ ያለው ክብደት ዜሮ ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ የተጫነ ተሳቢ ሰው ይገድላል።

ይህን የአዳማ ባለጋሪ ያስረዳል። ጭነቱ ወደ ኋላ ሲበዛበት ዘንጎቹ ወደ ላይ ይነሱና ፈረሱ ጋሪውን መግዛት ያቅተዋል። ወደ ፊት ሲበዛበት ደግሞ የፈረሱን ጀርባ ይጫናል። ባለጋሪው ሁለቱንም ስለሚያውቅ ጆንያውን ገፋ፣ ሳብ እያደረገ ነው የሚጭነው፤ ትንሽ ወደ ፊት አድልቶ። መኪናና ተሳቢም በዚህ ሕግ ነው የሚተዳደሩት። የሚለየው ፍጥነቱ ነው።

በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኋላው የከበደ ተሳቢ አንድ ጊዜ ከተወዛወዘ አይመለስም። ግራ ይላል፣ ቀኝ ይላል፣ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከበፊቱ ይሰፋል፣ በመጨረሻም የመኪናውን ኋላ ይዞ ይገለብጣል። ስለዚህ ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ገደማ ኳሱ ላይ እንዲቀር ሆን ብለን ተውነው። ከባዱ ዕቃ ሁሉ ወደ አክስሉ ይጠጋ አልን። ከባድ ነገር በሁለቱ ጫፎች ላይ ተከፋፍሎ ቢቀመጥ ሚዛኑ ያው ሆኖ ሊታይ ይችላል። ግን ተሳቢው አንዴ መዞር ሲጀምር ለማቆም ያስቸግራል።

አዳማ ላይ ይህ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ያሳስባል። ከተማችን የነፋስ ከተማ ናት። ወደ ሞጆ በኩል ኮረብታው ላይ የተደረደሩት ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት በ2004 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት በ2007 ዓ.ም. የተሠሩት እዚህ የማያቋርጥ ነፋስ ስላለ ነው። ካራቫን ደግሞ ጎኑ እንደ ግድግዳ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖች አሉ። አንዱ በጎን ሲያልፍ መጀመሪያ አየሩ ይገፋሃል፣ ወዲያው ደግሞ ይስብሃል።

ጎረቤቴ አዳምጦ ጨረሰና፣ «እንግዲያው ፊቱን አክብዱት» አለ። ተግባባን።

ቅዳሜ፣ ባሌስትራ ሰፈር

አሁን የቀኙን ዝቅታ የምናጣራበት ጊዜ ደረሰ። የኋላው ድርብርብ ሲፈታ ምክንያቱ ወጣ። በቀኝ በኩል ሦስተኛው ባሌስትራ መሃል ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ተሰንጥቋል። ከውጭ ሲታይ ምንም የለውም። ስንጥቁ ክላምፑ ሥር ተደብቆ ነው የኖረው። የጫፍ ጎሚኒዎቹም ተበልተዋል።

ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። በእጃቸው ነካ አድርገው የብረቱን ድካም ያውቃሉ።

«ጋሼ፣ ምን ይሻለዋል?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሁለት የአይሱዙ ባሌስትራ ልጨምርልህ። ዝሆን ብትጭንበት አይወርድም።»

«ባዶውን ስሄድስ?»

«ባዶውንማ ይዘልላል። ምን ታደርገዋለህ።»

እውነቱን ነው የነገሩኝ። ያንን ግን አልፈለግሁም። የእኛ ባሌስትራ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ያሳዩኝ የከባድ መኪናው 10 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የባሌስትራ ጥንካሬ የሚያድገው በውፍረቱ ልክ አይደለም፤ ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። 7 በ7 በ7፣ 343። 10 በ10 በ10፣ 1,000። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል ከሆነ አንዷ ወፍራም ባሌስትራ የሦስቱን ያህል ትሠራለች። ሁለት ቢጨመሩ ኋላው ባሌስትራ ሳይሆን ድንጋይ ላይ የቆመ ይሆናል። ባዶውን ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ ጎማው መሬት ይለቃል። ሳይታጠፍ የቀረው ጉልበት በሙሉ ወደ ሻንሲው ይሄዳል። በዚያ ላይ ስፋቱን ለማስተካከል ጠርዙ በእሳት ይቆረጣል። የባሌስትራ ብረት በእሳት ሲነካ ጥንካሬውን ያጣል፣ ስንጥቅም ከዚያው ይጀምራል።

የደከመውን በመዶሻ አጉብጦ መመለስም አንዱ አማራጭ ነው። ርካሽ ነው። ብረቱ እንደገና በሙቀት ካልታከመ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ተውነው።

የተስማማነው በዚህ ነው። የተሰነጠቀው ይለወጣል። ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆኑ የግራው ሦስተኛም አብሮ ይለወጣል። በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ባለ 7 ሚሊ ሜትር አጠር ያለ ባሌስትራ ይጨመራል። ጎሚኒ ሁሉ አዲስ ይሆናል። ድርብርቡን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖችም አዲስ ይሁኑ አልኩ። እሳቸው አሮጌው ይሠራል ብለው ነበር። እነዚህ ብሎኖች ሲጠብቁ የሚለጠጡ ናቸው። አንዴ የተለጠጠ ሁለተኛ ጊዜ ልክ አይይዝም። ድርብርቡም ስለወፈረ የአሮጌዎቹ ርዝመት ለዳዶው አይበቃም ነበር። ሲገጥሙት አይተው፣ «እውነትህን ነው፣ አጥሯል» አሉና አዲስ አወጡ።

በአየር የሚሞላ የጎማ ከረጢት ከዱባይ ላስመጣልህ ያለኝ ሰውም ነበር። ባሌስትራውና ሻንሲው መሃል የሚገባ ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ባዶውን ሲሆን አየሩን ቀንሰህ ለስላሳ ታደርገዋለህ። የማይመቸኝ አንድ ነገር አለው። ባሌስትራ ጭነቱን በፊትና በኋላ ጫፉ ከፍሎ ለሻንሲው ይሰጣል። ከረጢቱ ግን በሁለቱ መሃል አንድ ነጥብ ላይ ይገፋል። ኳሱ ከኋላ ወደ ታች ሲጫን ከረጢቱ ከመሃል ወደ ላይ ሲገፋ የደብል ጋቢና ሻንሲ የሚታጠፈው በዚያ በኩል ነው። በአውስትራሊያ ካራቫን በሚጎትቱ ፒክአፖች ላይ ይህ ደጋግሞ ደርሷል። የእኛ መንገድ ደግሞ ጉድጓድ አለው። ስለዚህ ከረጢቱን ትቼዋለሁ።

በማግስቱ፣ ማንም የማያስታውሰው ቫልቭ

ኋላው ባዶውን ከ545 ወደ 562 ተነሳ። ግራና ቀኝ እኩል ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል። ግን አንድ ነገር ይቀራል።

በዚህ ሂሉክስ የኋላ አክስል ላይ በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። ሥራው የመኪናውን ኋላ ከፍታ እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት መመጠን ነው። ኋላው ዝቅ ሲል ጭነት አለ ብሎ ግፊቱን ይጨምራል። ከፍ ሲል ባዶ ነው ብሎ ይቀንሳል፣ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ። አሁን በባሌስትራ ከፍ አድርገነዋል። ቫልቩ ይህን አያውቅም። ሙሉ ጭነት ተጭኖም ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ልክ ተሳቢ በምንጎትትበት ሰዓት የኋላ ፍሬን ይደክማል ማለት ነው።

መካኒካችን የዘንጉን ማስተካከያ ፈትቶ በአዲሱ ከፍታ ልክ መለሰው። የኋላ ፍሬን ጫማዎቹንም አጠበቀ። ባሌስትራ የሚያስጨምር ሁሉ ይህን ሥራ እንዲያስጨምርበት አጥብቄ እመክራለሁ። ብዙ ጋራዥ ካልተጠየቀ አይነካውም።

ሐሙስ፣ ቁጥሮቹ እንደገና

ሙሉ ጭነት ተጭኖ፣ ተሳቢው ታስሮ፣ ኋላው 520፣ ፊቱ 507። ኋላው ከድሮው ባዶ ከፍታ በ25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያንሰው። ጭራሽ እንዳይወርድ አልፈለግንም። ባሌስትራ ሲጫን መውረድ አለበት፣ የተሠራውም ለዚያ ነው።

ወደ እህል መጋዘኑ ሚዛን ተመለስን። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ ትልቁን ትምህርት የያዘው ይህ ነው። ዕቃው ከተዘዋወረ በኋላ፣ ባሌስትራው ከመጨመሩ በፊት፣ ተሳቢው ታስሮ የፊት ጎማዎቹ 1,100 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። ባሌስትራው ከተጨመረ በኋላስ? 1,100። ኋላው 26 ሚሊ ሜትር ተነስቷል፣ ፊቱ ላይ ግን ሚዛኑ የሚያሳየው ለውጥ የለም። መጀመሪያ ከነበረው 1,040 ወደ 1,100 ያመጣን ጄኔሬተሩ፣ ባትሪውና ውሃው ናቸው።

ከፊት የሄደውን ክብደት በእውነት የሚመልስ መሣሪያ አለ። በሁለት ረዣዥም የብረት ምላሶች መጎተቻውን ከታች አንስቶ ክብደቱን ወደ ፊት ጎማና ወደ ተሳቢው ጎማ የሚያከፋፍል ነው። በአሜሪካ ትልልቅ ካራቫን የሚጎትቱ ይጠቀሙበታል። አንድ በያጅ አይቶ፣ «ይሄንማ እኔ እሠራልሃለሁ» አለኝ። እጁ ጥሩ ነው፣ ሌላ ሥራ እሰጠዋለሁ። ይህንን ግን በፍጹም። ምላሶቹ ውስጥ የሚታመቀው ጉልበት ከባድ ነው። ብየዳው አንድ ቀን ቢለቅ መንገድ ላይ ያለውን ሰው ይመታል። በእኛ ተሳቢ ክብደት ደግሞ አያስፈልገንም።

ኋላው ከፍ ሲል ኳሱም አብሮ ከፍ አለ። የካራቫኑ አፍንጫ ወደ ሰማይ ዞረ። ዝቅ ያለ የኳስ መያዣ አስገብተን ወለሉ አግድም እስኪሆን አስተካከልን። በውሃ ልክ ነው ያየነው።

ጎማዎች። የተሳቢው ጎማ ጎን ላይ 95 የሚል ቁጥር አለ። ይህ የጭነት ቁጥር ነው፣ 690 ኪሎ ማለት። ሁለቱ 1,380 ይሸከማሉ። የሚያርፍባቸው 1,110 ስለሆነ በቂ ነው። ግን በዚያው ጎን ላይ ካሉት አራት አሃዞች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ዓመት ይናገራሉ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የእኛዎቹ ካምፕ ውስጥ ቆመው አርጅተዋል። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ ጎናቸው ግን ተሰነጣጥቋል። ተለወጡ። ንፋስ የምንሞላው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የአዳማ ቀትር ቁጥሩን ያሳብጠዋል።

ቅዳሜ፣ መንገድ ላይ

የመረጥነው መንገድ የአሰላው ነው። ከአዳማ ወጥቶ አዋሽ መልካሳ ላይ ወንዙን ይሻገራል፣ ዴራን ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ኢተያ ይወጣል። አሰላ ከአዳማ በ700 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ዳገትም ቁልቁለትም ስላለው ለፈተና የተሠራ መንገድ ይመስላል።

ሜዳው ላይ መሪው ያው ባዶ መኪና ስንነዳ የምናውቀው መሪ ነው። ዳገቱ ላይ ኋላው አልሰመጠም። ከዴራ በኋላ ተበጣጥሶ የተጠገነ ቦታ ላይ ቀድሞ ኋላው ሲወርድ የሚያቆመው ጎሚኒ ታኮ ላይ እየመታ ያስደነግጥ ነበር። አሁን ድምፁ ጠፍቷል።

ፈተናው ስንመለስ ነው። ተሳቢ የሚወዛወዘው ቁልቁለት ላይ ነው፣ ከኋላ ስለሚገፋ። የባለቤቴ ወንድም ይነዳል፣ እኔ በመስታወት ተሳቢውን እከታተላለሁ። በሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ወረድን። አንድ ከባድ መኪና ከፊት መጥቶ ሲያልፈን ካራቫኑ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አለና ቀጥ አለ። ሁለተኛ አልደገመም። የፈለግነው ይህንን ነው።

ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር ተነጋግረን ነበር። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ ሹፌሩ ፍሬን አይረግጥም፣ መሪም አያባርርበትም። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ነዳጁን ይለቃል፣ ፍጥነቱ በራሱ ይወርዳል። ፍጥነት ጨምሬ አወጣዋለሁ ማለት የሚደረግ አይደለም። ይህን ከሁለታችን ሌላ ማንም ሳያውቅ መኪናውን እንደማይነዳው ተስማማን።

ሰኞ፣ ነፋሱ በርትቶ

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሆን ብለን በድሮው የሞጆ መንገድ ወጣን። ተርባይኖቹ በሚታዩበት ሜዳ ላይ ነፋሱ ከጎን ነው የሚመጣው። በ70 ምንም የለም። ወደ 80 ሲጠጋ ካራቫኑ ነፋሱን እየሰማ መኪናውን ጎተት ማድረግ ይጀምራል። ልክ አበጀንለት። ነፋስ ሲኖር ከ70 አይታለፍም። የክብደቱ ሥራ ቢያምርም የጎኑ ስፋት አይቀንስም፤ ነፋስ ሲበረታ መቆም ነው።

ማታ አንድ ሰው ግድግዳ ፊት መኪናውን አቁሞ የመብራቱን ከፍታ አየ። ባዶውን ምልክት ካደረግንበት መስመር ትንሽ ከፍ ይላል። መሪው አጠገብ ባለችው የመብራት ማስተካከያ አንድ ቁጥር ዝቅ ሲደረግ መስመሩ ላይ አረፈ።

ጥቅምት መጨረሻ

አዲስ ባሌስትራ የተገጠመበት መኪና የተወሰነ መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የዩ ብሎኖቹ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። ባሌስትራዎቹ እርስ በርስ ሲላመዱ ይላላሉ። ወደ ባለሙያው ወሰድነው። ሦስቱ ዳዶዎች ሩብ ዙር ያህል ዞሩ። የተቀሩት ቦታቸው ላይ ናቸው። የግራና የቀኝ ከፍታ አሁንም እኩል ነው።

የዕቃውን አቀማመጥ የሚያሳይ ወረቀት በካራቫኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፈናል። ጄኔሬተር ካሶኒው ላይ ጋቢናው አጠገብ፣ መፍቻ ሳጥን አክስሉ ላይ፣ ታንክ ባዶ፣ ከኋላው አልጋ ጀርባ ብርድ ልብስና ፍራሽ ብቻ። ሥሩ ላይ 120 ኪሎ ብለን ጽፈናል። ዕቃ ሲለወጥ በጣውላው እንደገና ይለካል።

የሚቀጥለው ሥራ የተሳቢው የራሱ ፍሬን ነው። መኪናው ሲይዝ መጎተቻው ወደ ውስጥ ተገፍቶ በገመድ የሚያስይዝ ዓይነት ነው። ገመዱ በግራ በኩል ዘግይቶ ነው የሚይዘው። እሱ ሳይስተካከል ቤተሰብ አይሳፈርም።